ቢኦኪው ሕንጻ አይደለም፦ ስዕል ሳያዩ ዋጋ መሙላት ይቻላል ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ እጄ ገባ። ጸሐፊው በግንባታ ጨረታ ውስጥ ብዙ እንደቆዩ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ተጫራች ዋጋ የሚሞላው ቢኦኪው (የሥራ ዓይነቶችና መጠኖች ዝርዝር) ላይ ነው፤ የሥራው ዓይነትና መጠን እዚያው ተዘርዝሯል፤ ስለዚህ ከጨረታ ሰነዱ ጋር የሚመጣው የስዕል ጥቅል ለግንባታው እንጂ ለጨረታው አይጠቅምም። ለዚህም ስድስት ምክንያት ደርድረዋል። ጀማሪ መሐንዲሶች ጽሑፉን እየተቀባበሉ እውነታቸውን ነው ሲሉ ስሰማ ዝም ማለት አልቻልኩም። ይህን ምክር ሰምቶ ጨረታ የሚገባ ሰው የሚከስረው የራሱን ገንዘብ ነውና።

ጸሐፊውን አከብራቸዋለሁ። ከስድስቱ በአንዱ ላይ እንዲያውም ብዙ እስማማለሁ፤ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ። የቀረውን ግን አንድ በአንድ ልመልስ።

አንደኛ፦ መጠኑ ተሰልቶ ተሰጥቷል

አማካሪው መጠኑን አስልቶ ሰጥቷል፣ ተጫራቹ ለምን ይደግመዋል ይላሉ።

ቢኦኪው ከሰማይ አልወረደም። አንድ ሰው ስዕሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ገጽ በገጽ እየለካ፣ ቀን እየገፋው ያወጣው ነው። የሚያሳየውም ያ ሰው ስዕሉን እንዴት እንዳነበበው ነው። አንድ ገጽ ሊዘል ይችላል። የምድር ቤቱን ግድግዳ ሁለቴ ሊቆጥር ይችላል። ንድፉ ከተሻሻለ በኋላ የድሮውን ልኬት ሳይነካ ሊተወው ይችላል። እኔም ቢኦኪው አዘጋጅቻለሁ፤ ያልተሳሳትኩበት አንድም አላስታውስም።

ይህን የውል አዘጋጆችም ያውቁታል። ፊዲክ (ዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው፣ ቀዩ መጽሐፍ የሚባለው የግንባታ ውል በአንቀጽ 14.1 ላይ፣ በቢኦኪው የሰፈረው መጠን ግምት እንደሆነና እንደ ትክክለኛ መጠን መወሰድ እንደሌለበት በግልጽ አስቀምጧል። የዚሁ ውል አንቀጽ 1.5 ደግሞ ሰነዶች ሲጋጩ የትኛው እንደሚያይል በቅደም ተከተል ይዘረዝራል። ስፔሲፊኬሽኑ (የዕቃና የሥራ ጥራት መግለጫው) ይቀድማል፣ ስዕሉ ይከተላል፣ ቢኦኪው ያለባቸው ሰንጠረዦች ከስዕሉ በታች ይመጣሉ። ጸሐፊው ዋናው ነው ያሉት ሰነድ በዚህ ውል ውስጥ ከታች ነው ያለው። ቅደም ተከተሉ በየውሉ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ሰነድ እንደገዛችሁ ቀድማችሁ የምታዩት ነገር ይህ ይሁን።

ውሉ በጥቅል ዋጋ ከሆነ ደግሞ ክርክሩ ጨርሶ አይነሳም። በጥቅል ዋጋ ስትፈርሙ፣ ስዕሉ ላይ ያለውን ሕንጻ በዚህ ገንዘብ ሠርቼ አስረክባለሁ ማለታችሁ ነው። ስዕሉ ላይ ያለ ደረጃ ከዝርዝሩ ቢዘነጋ ደረጃውን ትሠራላችሁ። ገንዘቡን ግን ማንም አይጨምርላችሁም።

ሁለተኛ፦ መጠኑ ቢሳሳትም መጨረሻ ላይ ይለካል

ይህ ከሁሉም የጠነከረ ክርክራቸው ነው። ብዙ ሰው የተሸነፈውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። በልኬት የሚከፈል ውል ከሆነ፣ ቢኦኪው ላይ 400 ተብሎ ሥራው 460 ቢሆን የሚከፈላችሁ የ460 ነው። ታዲያ ምን ቸገረህ ይላሉ።

መጠኑን በተመለከተ ልክ ናቸው። የሚለካው ግን መጠኑ ነው። ነጠላ ዋጋው (የአንዱ ሜትር ካሬ ወይም የአንዱ ኪሎ ዋጋ) አይለካም። ነጠላ ዋጋው በፈረማችሁበት ይቆያል። እዚያው የፊዲክ ውል ውስጥ አዲስ ነጠላ ዋጋ ለማስወሰን አንቀጽ 12.3 አለ፤ በመጠን ለውጥ በኩል ለመግባት ግን መጠኑ ከ10 በመቶ በላይ መለወጡ ከሌሎች መመዘኛዎች ጋር ተደምሮ መሟላት አለበት። መጠኑ ልክ ሆኖ ዋጋችሁ ብቻ ከተሳሳተ በዚህ በር አትገቡም።

ነጠላ ዋጋ ደግሞ ከስዕል ነው የሚወጣው። አንድ መስመር ላሳያችሁ። ቢኦኪው እንዲህ ይላል እንበል፦ ለሶሌታ የሚሆን ፎርምወርክ፣ 400 ሜትር ካሬ። ሌላ ምንም የለም። (ሶሌታ የአርማታ ወለል ወይም ጣሪያ ነው፤ ፎርምወርክ ደግሞ አርማታው የሚሞላበት ሻጋታ።) ይህን ስታነቡ አእምሯችሁ የሚሄደው ወደ ለመዳችሁት ወለል ነው፤ 3 ሜትር ከፍታ፣ መደበኛ የብረት ድጋፍ፣ አንድ የአናጺ ቡድን፣ ጥቂት ቀናት። ዋጋውን ትሞላላችሁ። አሁን ስዕሉን ክፈቱና ሴክሽኑን (ሕንጻው ተቆርጦ ከጎን ሲታይ የሚያሳየውን ገጽ) እዩ። ሶሌታው የአዳራሽ ጣሪያ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከወለሉ እስከ ሶሌታው ሆድ 7.20 ሜትር ይላል። ያ መደበኛ ድጋፍ እዚያ አይደርስም። ከመሬት ጀምሮ በአግድምና በሰያፍ የታሰረ ሙሉ ስካፎልዲንግ ያስፈልጋል። ዕቃው ይበዛል፣ ኪራዩ ይረዝማል፣ ሠራተኛው ከፍታ ላይ ስለሚሠራ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ የደህንነት ጥንቃቄውም ሌላ ነው። አርማታው ተሞልቶ እስኪጠነክር ያ ሁሉ ብረት እዚያው ታስሮ ይቆማል።

ሥራው ሲያልቅ ተቆጣጣሪው ሜትር ይዞ ይመጣል። ይለካል። 400 ሜትር ካሬ፣ ልክ እንደተባለው። የመጠን ስህተት የለም፣ የንድፍ ለውጥ የለም፣ ቫሪዬሽን (የሥራ ለውጥ ትእዛዝ) የለም። ያለው የእናንተ ኪሳራ ብቻ ነው። በርግጥ ጥሩ ቢኦኪው ፎርምወርክን በከፍታ ይከፋፍላል፤ የልኬት ደንቦችም ይህን ይጠይቃሉ። ሁሉም ቢኦኪው ግን ጥሩ አይደለም። እሱን ማወቅ የሚቻለው ደግሞ ስዕሉን አይቶ ነው።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር፤ ይህኛው ይበልጥ ስለሚደበቅ። ፌሮ (የአርማታ ብረት) በኪሎ ይከፈላል። ብዙ ጊዜ የሚለካው ስዕሉ ላይ ያለው የተጣራ ርዝመት ነው፤ የቁርጥራጩ ብክነት በነጠላ ዋጋው ውስጥ ይካተታል። የተለመደው በርጋ (አንድ ሙሉ የፌሮ ዘንግ) 12 ሜትር ነው። የብረት ዝርዝሩ ላይ 7 ሜትር የሆነ ባለ 16 ሚሊሜትር ፌሮ በብዛት ካለ፣ ከእያንዳንዱ በርጋ 5 ሜትር ይተርፋል። ባለ 16 ፌሮ በሜትር 1.58 ኪሎ ገደማ ነው። የሚከፈላችሁ 11 ኪሎ ግድም ሲሆን የገዛችሁት ወደ 19 ኪሎ ነው። ስዕሉ ላይ በዚያው ውፍረት 5 ሜትር ወይም 2.5 ሜትር የሚሆን ብረት ካለ ትርፉ ቦታ ያገኛል፤ ብክነቱም ከምንም አይቆጠርም። ከሌለ ሜዳ ላይ ይቀራል። የብክነቱን መቶኛ በልማድ መሙላት ይቻላል። በልማድ የተሞላው 5 በመቶ ግን ይህን ስዕል አያውቀውም።

ቁፋሮም እንደዚያው ነው። ሜትር ኩቡ አንድ ሆኖ፣ ፉቲንጉ (የመሠረቱ እግር) ከጎረቤት ሕንጻ 1 ሜትር ርቀት ላይ መሆኑን የሚነግራችሁ የቦታ ስዕሉ ብቻ ነው። እዚያ ጋ ማሽን ዝም ብሎ አይቆፍርም። የአፈሩ ግድግዳ መደገፍ አለበት።

ሦስተኛ፦ ስዕሉ ቢሳሳት ተጠያቂው አሠሪው ነው

ጸሐፊው በዚህ ነጥብ ላይ ሕጉ ከተቋራጩ ጋር ነው ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ለዚህ የሚጠቀሰው ትልቁ ፍርድ እ.ኤ.አ. በ1918 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰጠው ነው፤ የስፒሪን ጉዳይ ይባላል። ታሪኩ መነገር ያለበት ነው።

ተቋራጩ ስፒሪን በብሩክሊን የባሕር ኃይል ግቢ ውስጥ የመርከብ መጠገኛ ገንዳ ለመገንባት ተዋዋለ። ቦታውን የሚያቋርጥ የጡብ ፍሳሽ ቦይ ነበር። በተሰጠው ስዕል መሠረት ቦዩን አዙሮ ሠራው፤ ሥራውም ተቀባይነት አገኘ። አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ ኃይለኛ ዝናብ ከባሕሩ ሙላት ጋር ተገጣጠመ። ቦዩ ከውስጥ በውኃ ግፊት ፈነዳ፤ የገንዳው ጉድጓድ በውኃ ተሞላ። ሲመረመር፣ ከዚያ ጋር በሚገናኘው ሌላ ቦይ ውስጥ ውኃ የሚገድብ ግንብ ተገኘ። ግንቡ በየትኛውም ስዕል ላይ አልነበረም። መንግሥት በራስህ ወጪ አስተካክል አለው። ስፒሪን እምቢ አለ። ፍርድ ቤቱም ለእሱ ፈረደ። አሠሪው በሰጠው ንድፍ መሠረት የሠራ ተቋራጭ ለንድፉ ጉድለት አይጠየቅም፤ ቦታውን ጎብኝ፣ ንድፉን መርምር የሚሉት የውል አንቀጾችም ይህን አይለውጡም አለ።

እስከዚህ ጸሐፊው የሚደሰቱበት ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር አለ። ውሉ የተፈረመው በ1905 ነው። ፍርዱ የመጣው በ1918 ነው። ከውሉ እስከ ፍርዱ አሥራ ሦስት ዓመት ችሎ የሚቆም ተቋራጭ ስንት ነው?

ሁለተኛው ይበልጣል። የስፒሪን ግንብ የተደበቀ ነበር። ስዕሉን ሌት ተቀን ቢያነብም አያገኘውም ነበር። ዓይን የሚያየው ስህተት ግን ሌላ ነገር ነው። የበር ዝርዝሩ 24 በር ብሎ ፕላኑ ላይ 30 በር ቢኖር፣ ወይም የአርክቴክቸሩ ስዕል 20 ሳንቲም ሶሌታ ሲያሳይ የስትራክቸሩ ስዕል 15 ቢል፣ እዚያው አሜሪካ ኋላ የመጡት ፍርዶች እንዲህ ያለውን ግልጽ ግጭት አይቶ ያልጠየቀ ተጫራች አደጋውን ራሱ ይሸከማል ይላሉ። ማየት ነበረብህ፣ መጠየቅም ነበረብህ ይሉታል። የስዕሉን ጥቅል ሳይከፍት ለጨረታ የገባ ሰው እዚህ ላይ ምን ብሎ ይከራከራል? አላየሁም ቢል ራሱን ነው የሚከሰው።

አራተኛ፦ ስዕሉ እንደሆነ ይቀየራል

የጨረታ ስዕል መቼም እንዳለ አይሠራም፣ ሥራው ሲጀመር ሌላ ይመጣል፣ ታዲያ ለምን እንደክማለን ይላሉ። ከስድስቱ ይህ ነጥብ በጣም ያሳሰበኝ ነው፤ ምክንያቱ ልክ ሆኖ መደምደሚያው ግን ተገልብጧል።

አዎ፣ ይቀየራል። የጨረታው ስዕል የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው። ለውጥ ከምን ወደ ምን ተብሎ ነው የሚለካው። ዋጋ ስትሰጡ የነበረው ስዕል ያ «ከምን» የሚባለው ነው።

እንዲህ ያለ ጉዳይ እናስብ። በጨረታው ስዕል ኮለኖቹ (ምሰሶዎቹ) አራት ማዕዘን ናቸው፣ 40 በ40 ሳንቲም። ለግንባታ በወጣው ስዕል ክብ ሆኑ፤ ዲያሜትራቸው 40። ቀላል ለውጥ ይመስላል። ልኩ ሲወጣ ግን፣ በአንድ ሜትር ቁመት አርማታው ከ0.16 ሜትር ኩብ ወደ 0.126 ይወርዳል። ፎርምወርኩም ከ1.60 ሜትር ካሬ ወደ 1.26 ይወርዳል። ሁለቱም በ21 በመቶ ገደማ ቀነሱ ማለት ነው። ስለዚህ በልኬት የሚከፈላችሁ ገንዘብ አነሰ። ወጪው ግን ጨመረ፤ አራት ማዕዘኑን በጣውላ ወይም በኮምፔንሳቶ ደጋግማችሁ ትሠሩት የነበረው፣ አሁን ለክብ ቅርጽ የተለየ ሻጋታ ማሠራት ወይም መከራየት ግድ ሆነ። ቢኦኪው ላይ ያለው መስመር ለኮለን የሚሆን ፎርምወርክ ይላል እንጂ ክብ ወይም አራት ማዕዘን አይልም። ቢኦኪው ብቻ በእጃችሁ ካለ ምንም አልተቀየረም። መጠኑ ትንሽ ቀነሰ፣ በቃ።

የጨረታውን ስዕል የያዘና ያነበበ ሰው ግን ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ዘርግቶ፣ የሥራው ጠባይ ተቀይሯል፣ አዲስ ነጠላ ዋጋ ይገባኛል ማለት ይችላል። ስለዚህ የጨረታውን ስዕል ስትቀበሉ የእያንዳንዱን ገጽ ቁጥር፣ የሪቪዥን ምልክትና ቀን መዝግቡ። አንድ ሙሉ ቅጂ ሳይነካ አስቀምጡ። ሳይት ላይ ጭቃ የነካው ቅጂ ዓመት ሳይሞላው ይጠፋል፤ ይህኛው ግን መኖር አለበት።

አምስተኛ፦ ስህተት ካያችሁ ዝም በሉ

ይህን ሲጽፉ እውነት ለመናገር አዘንኩ። ስዕሉና ቢኦኪው ላይ ግጭት ካያችሁ ለአሠሪው አትንገሩ፤ ዋጋ ዝቅ አድርጋችሁ አሸንፉና በኋላ በቫሪዬሽን አውጡት ይላሉ።

መጀመሪያ ነገር፣ ይህ ምክር የመጀመሪያ ነጥባቸውን ያፈርሰዋል። ስህተቱን ለማየት ስዕሉን ማንበብ ግድ ነው። ስዕል አያስፈልግም ያሉት ሰው እዚህ ሲደርሱ ስዕሉን ከሁሉም በላይ በጥንቃቄ ያነበበ ተጫራች ይፈልጋሉ።

ቀጥሎ ደግሞ፣ ስሌቱ ራሱ አያስተማምንም። ሊጨምር ይችላል ባላችሁት መስመር ላይ ዋጋ ሰቅላችሁ፣ ይቀንሳል ባላችሁት ላይ ስታወርዱ፣ ገምጋሚው የተዛባ ዋጋ መሆኑን ሊያየው ይችላል። ማብራሪያ ይጠይቃችኋል፤ ከጨረታው ልትወጡም ትችላላችሁ። ብታልፉም ንድፉ በሌላ አቅጣጫ ሊቀየርና የሰቀላችሁት መስመር ጨርሶ ሊሰረዝ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ወገን ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። አሠሪው በጀቱን የያዘው አሸናፊው በሰጠው ዋጋ ነው። ትምህርት ቤት ወይም ክሊኒክ ሊሆን ይችላል። ተደብቆ የቆየው ስህተት ግማሽ መንገድ ላይ ሲወጣ ገንዘቡ አይበቃም። ሥራው ይቆማል፣ ፌሮው ከኮለኑ አናት ላይ ወጥቶ ዝናብ ሲመታው ይከርማል። ተቋራጩም ክፍያውን አያገኝም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ማንም አላተረፈበትም።

በጽሑፍ ጠይቁ። መልሱ ለሁሉም ተጫራቾች በእኩል ይደርሳል፤ ሰነዱም በአዴንደም (በማሻሻያ ጽሑፍ) ይታረማል። ጥያቄዬ ለተፎካካሪ ይጠቅማል ብላችሁ አትስጉ። ሁሉም ተመሳሳይ ሕንጻ ላይ ዋጋ ሲሰጥ፣ በስህተት ዝቅ ያለ ዋጋ ሰጥቶ የሚያሸንፋችሁ ሰው ይቀንሳል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ቢኦኪው ላይ ያለውን መጠን በራሳችሁ ሥልጣን አትቀይሩት። ቀይራችሁ ካስገባችሁ ጨረታችሁ ሰነዱን አላሟላም ተብሎ ሊወድቅ ይችላል።

ስድስተኛ፦ ጊዜ የለም

እስማማለሁ ያልኩት እዚህ ላይ ነው። የጨረታ ጊዜ ያጥራል። ስዕሉ አንዳንዴ ተቃኝቶ ተቃኝቶ ቁጥሩ የማይነበብ ሆኖ ይመጣል። የኤሌክትሪኩ ወይም የሳኒተሪው ገጽ ጨርሶ የማይኖርበት ጊዜም አለ። ለዚህ ተጫራቹን መውቀስ አይገባም። ጥርት ያለና የተሟላ ስዕል ሳይሰጡ ትክክለኛ ዋጋ የሚጠብቁ አሠሪዎች ራሳቸው ናቸው ችግሩን የሚፈጥሩት። ጸሐፊው ጽሑፋቸውን ሙሉ ለሙሉ በዚህ ላይ ቢያደርጉት ኖሮ ከጎናቸው እቆም ነበር።

ነገር ግን ይህ ሸክም ያለበት ትንሹ ተቋራጭ ነው፤ ስለዚህ ስዕል ይለፈው የሚለው አይዋጥልኝም። ያ ባለ 7.20 ሜትር አዳራሽ ትልቁን ድርጅት አይጥለውም። ሌሎች አሥር ሥራዎች ይደጉሙታል። የሚጥለው ያንን አንድ ሥራ ብቻ የያዘውን ነው። ሶፍትዌር ይለካዋል የሚለውም መፍትሔ አይደለም። ሶፍትዌሩ የሚለካው ሞዴሉ ውስጥ የገባውን ነው፤ ያልገባውን አያውቅም።

ችኮላ የሚያመጣውን ከራሴ ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት አንድ ጨረታ ላይ የወለልና የግድግዳ ልኬት ለማጣራት ስዕሉን አትሜ በማስመሪያ መለካት ጀመርኩ። ሚዛኑ 1 ለ100 ይላል። ማታ ላይ ነው፣ በማግስቱ ይዘጋል። ከሁለት ሰዓት በላይ ከለካሁ በኋላ ዓይኔ አንድ የተጻፈ ልኬት ላይ አረፈ፤ 6000 ይላል፣ ማለትም 6 ሜትር። ማስመሪያዬ ላይ 60 ሚሊሜትር መሆን ነበረበት። 58.2 ነው። ደግሜ ለካሁት፤ 58.2። ማተሚያው ስዕሉን ወደ ወረቀቱ ልክ አሳንሶት ነበር፣ ወደ 97 በመቶ። ርዝመት ላይ 3 በመቶ ብቻ ስለሆነ ለዓይን አይታይም። ስፋት ላይ ግን 6 በመቶ ያህል ይሆናል፤ የወለል ንጣፍ፣ ልስን፣ ቀለም፣ ሁሉም በዚያ ልክ ጎድሎ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ከተጻፉት ልኬቶች እንደገና ሠራሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ የተጻፈ ቁጥር ካለ ማስመሪያ አላነሳም።

ጊዜ ካጠረ ሁሉንም ገጽ እኩል ማንበብ አያስፈልግም። ከሴክሽኖቹ ጀምሩ። ከፍታ፣ ጥልቀትና ውፍረት ያለው እዚያ ነው፤ ነጠላ ዋጋ የሚያዛባውም እሱ ነው። ቀጥሎ አጠቃላይ ማስታወሻዎቹን እዩ፤ የአርማታው ደረጃ፣ የብረት ሽፋን፣ የመደራረቢያ ርዝመት በጥቃቅን ፊደል የተጻፈው እዚያ ነው። ከዚያ የመሠረቱን ስዕል ከቦታ ስዕሉ ጋር አስተያዩ። ከቢኦኪው ውስጥ ብዙ ገንዘብ የያዙትን መስመሮች ምረጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ አርማታ፣ ፌሮ፣ ፎርምወርክና ማጠናቀቂያ ሥራዎች ናቸው። የእነሱን መጠን ብቻ ከስዕሉ አውጥታችሁ አመሳክሩ። የቦታ ጉብኝቱ ላይ ስዕሉን ይዛችሁ ሂዱ፤ በቢሮ ያላያችሁትን እዚያ ታያላችሁ። የጥያቄ ማቅረቢያው ቀን ብዙ ጊዜ ጨረታው ከሚዘጋበት ቀን ቀድሞ ያልፋል። ስለዚህ ስዕሉ መከፈት ያለበት ሰነዱ በተገዛበት ቀን ነው፤ በመጨረሻው ሌሊት ያገኛችሁትን ግጭት የምትጠይቁት ሰው አይኖርም።